የቀይ ሥር ማስተካከያ

ወለላ ገመዱን ያቆመችው ከሆሳዕና በፊት በነበረው ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሃያ ላይ ነው። ለስድስት ደቂቃ ቆመ። ከፒያሳ ወደ ጦሳ ተራራ በሚወጣው የገመድ መስመር ላይ በዚያች ሰዓት አሥራ አራት ሳጥኖች ነበሩ፤ በሳጥኖቹ ውስጥ ደግሞ ሰባ አንድ የደሴ ሰው፣ ሁለት በግና አንድ ስፖንጅ ፍራሽ። ሁሉም ጉም ውስጥ ተንጠልጥለው ቀሩ። መስመሩ ከተዘረጋ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ በነፋስ ቆሟል፣ በመብረቅ ቆሟል፣ በሾፌር ምክንያት ግን ቆሞ አያውቅም።

ሾፌሯ ስድስቱን ደቂቃ የት ነበረች? ሽንት ቤት። ነገሩን ከመነሻው ብንናገረው ይሻላል፤ ይህ የሆድ ታሪክ ነውና በጨዋ ጨዋ ቃላት ብቻ ተሸፍኖ አያልቅም።

ወለላ ወደ ወንበሯ ስትመለስ ላቧ ጀርባዋ ላይ ቀዝቅዞ ነበር። ገመዱን አስነሣች። ወዲያው ከተቆጣጣሪው ክፍል ድምፅ መጣ።

«ምክንያት?»

«ሽንት ቤት ሄጄ ነው።»

«አምባርሽ ምን ይላል?»

እጇን አየች። «አረንጓዴ።»

«እንግዲያው ምክንያት የለሽም።»

ድምፁ ቁጣ አልነበረበትም፤ ደንቡን ነው የተናገረው። ቢጫ የሆነ ሾፌር ይተካል፣ ቀይ የሆነ ሆስፒታል ይወሰዳል፣ አረንጓዴ የሆነ ደግሞ አራት ሰዓት ሙሉ ከወንበሩ አይነሣም። ሁለተኛ ጊዜ ካቆመች ወንበሩን ለሌላ እንደምታስረክብ ተነገራት። ወለላ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። ያንን ወንበር ለማግኘት ሦስት ዓመት ተምራለች፤ ጉሙ ሲገለጥ ከዚያ ላይ ሆና ከተማዋን ቁልቁል ስታይ የራሷ ርስት ይመስላት ነበር። ይህን ልታጣ ነው፣ ያውም አረንጓዴ ሆና!

በዚያ ዘመን፣ በሁለት ሺህ ሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት መሆኑ ነው፣ ደሴ ውስጥ ሦስት ቆጣሪ የሌለው ቤት አልነበረም፤ የመብራት፣ የውሃና የሰውነት። የሰውነት ቆጣሪው የሚገጠመው ሽንት ቤት ውስጥ ነው። ሰው ሲቀመጥ ይመዝነዋል፣ የወጣውን ያነባል፣ ያነበበውን ለቀበሌው የጤና መስኮት ይልካል፣ ቀለሙም እጅ ላይ ባለው አምባር ይበራል። ሰው ከሰው ሲገናኝ «አረንጓዴ?» ይላል፤ «አረንጓዴ» ይባላል፤ ይተላለፋሉ። ጥንት ሰላምታ ከቤተሰብ ተነሥቶ እስከ ከብትና አዝመራ ይሄድ ነበር ሲባል ወጣቱ ይስቃል። ሆስፒታልም ቢሆን «የት ላይ ነው የሚያምህ?» የሚል ሐኪም የለም፤ ቀለም ያልላከው ሰው በሩ አይከፈትለትም። ሕፃናት «አመመኝ» የሚለውን ቃል የሚያውቁት ከተረት ነው።

ቆጣሪው ብዙ ሰው አድኗል፤ መዋሸት አያስፈልግም። ኮሌራ ገና ብቅ ሲል ይያዛል፣ ወስፋት ከከተማው ጠፍቷል፣ ድሮ ሰው ሁሉ ሆዱን በቆረጠው ቁጥር «አሜባ ነው» እያለ ከፋርማሲ የሚገዛው ክኒንም ቀርቷል። ችግሩ የመጣው በጾም በኩል ነው።

ቆጣሪው በገባ በመጀመሪያው ዓመት ዐቢይ ጾም ሲያዝ የከተማው ግማሽ ቢጫ ሆነ። ሰው ከሳ፣ ሆዱም በሽሮና በምስር ላላ። በሁለተኛው ሳምንት ደግሞ ይባስ ብሎ አምባሩ ቀላ። ቆጣሪው ደም አየሁ ብሎ ጮኸ፤ አምቡላንሶች ከሰኞ ገበያ እስከ ቧንቧ ውሃ ሲራወጡ ዋሉ፤ ከቅዳሴ መሃል ተጎትተው የወጡ ሽማግሌዎች ነበሩ። ደሙ ግን ደም አልነበረም። ቀይ ሥር ነው! ያለ ቀይ ሥር የጾም በየዓይነቱ አለ እንዴ? ከተማው ወር ሙሉ ሳቀ። ባለሙያዎቹ ግን አፈሩ፤ ኮሚቴ ተቀመጠ፤ ማስተካከያ ወጣ። በጾም ወራት፣ ጿሚ ተብሎ የተመዘገበ ሰው ክብደቱ ቢቀንስ ጾም ነው፤ ሆዱ ቢላላ ሽሮ ነው፤ እርምጃው ቢዘገይ ስግደት ነው፤ የወጣው ቢቀላ ቀይ ሥር ነው። ቆጣሪው ይህን ተማረና ዝም አለ። ሰውም ማስተካከያ መኖሩን ረሳው።

የወለላ ሕመም የጀመረው በገና ጾም ነው። መጀመሪያ ቁርጠት ሆነ፣ ከእምብርቷ በታች በግራ በኩል። ከዚያ ተቅማጥ፤ ከዚያ ንፍጥ የመሰለ ነገር፤ በላዩ ደም። ገና ካለፈ በኋላ ተሻላት፤ ጥርን ደህና ሰነበተች፤ ረሳችው እንኳ። ዐቢይ ጾም ሲያዝ ተመልሶ መጣ፣ ይበልጥ ጨክኖ። ደሙን ስታይ ደንግጣ አምባሯን ተመለከተች፤ አረንጓዴ። ቀይ ሥር በልቼ ነው አለች። ቀይ ሥር መብላት ተወች፤ ደሙ ግን አልተዋትም። አፏ ውስጥ ቁስል ወጣ፤ በርበሬው ነው አለች። ጉልበቷና ቁርጭምጭሚቷ አበጠ፤ ስግደቱ ነው አለች። ቅልጥሟ ላይ ሲነኩት የሚያም ቀይ እብጠት ወጣ፤ ከወንበሩ ጋር ተጋጭቼ ይሆናል አለች። ማታ ማታ ትኩስ ትኩስ ይላታል፤ ቀን ደግሞ አቅም ያንሳታል፤ ሰነፍኩ አለች። ሰው ራሱን ለመዋሸት ሲነሣ ረዳት አያጣም፤ የእሷ ረዳት ደግሞ እጇ ላይ ታስሮ ይበራል።

የባሰው ምስጋናው ነው። እናቷ ወይዘሮ ኤልዳና ትባላለች፤ በዚያ ዘመን ኤልዳና፣ ሶልያናና ማክቤል የአሮጊትና የሽማግሌ ስም ነው፤ ወጣቶቹ ናቸው ወለላና አበጋዝ የሚባሉት። እናቷ ኩሩ ሴት ናት። ነጠላዋ አይጨማደድም፣ የቤቷ ነገር ከደጃፏ አይወጣም። ጎረቤት ወለላን ሲያይ «ልጅሽ እኮ በጾም ቀለጠች! የዘንድሮ ልጅ እንዲህ ይጾማል?» ይላታል፤ እሷም «እግዚአብሔር ይመስገን፣ በራሷ ፈቃድ ነው» ትላለች። የንስሐ አባታቸው ሳይቀሩ ለሰፈሩ ወጣቶች ምሳሌ አድርገው ጠቀሷት። አሥራ አንድ ኪሎ የቀነሰች ልጅ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ስትቆም እንደ ቅድስት ታየች። ወለላ አንገቷን ደፍታ ምስጋናውን ተቀበለች። ምን ትበል? ሌሊቱን የማነጋው ሽንት ቤት ነው ልትል ነው? ይሉኝታ ስንቱን ገደለ!

ወደ ማክሰኞው እንመለስ። ገመዱ ከተነሣ ከሩብ ሰዓት በኋላ የሾፌሯ ክፍል በር ተንኳኳ። ወለላ ልትሰደብ ተዘጋጀች። በሩ ላይ የቆሙት ግን ጥቁር ሻርፕ የተከናነቡ አጭር ባልቴት ናቸው፤ በእጃቸው ጎመን በፌስታል ይዘዋል። በሦስተኛው ሳጥን ውስጥ ከበጎቹ ጋር ተንጠልጥለው የቆዩት እሳቸው ናቸው።

ሲስተር ዘምዘም ይማም ይባላሉ። ሰማንያ ሊሞላቸው ሁለት ዓመት ቀርቷቸዋል። አርባ ዓመት ነርስ ነበሩ። ቆጣሪው ሲመጣ ነርሶቹ አንድ በአንድ ሌላ ሥራ ያዙ፤ እሳቸው ግን በየመስከረሙ እየሄዱ ፈቃዳቸውን ማሳደስ አልተዉም። «አድማጭ ነርስ» የሚል መዝገብ ነበረ፤ ድሮ ሁለት መቶ ስም ነበረበት፣ አሁን የቀረው የእሳቸው ብቻ ነው። «ለምን ይደክማሉ፣ ማን ሊፈልግዎት?» ሲሏቸው «እኔ እንጃ! የሚናገር ሰው ከመጣ የሚሰማ ጠፍቶ እንዳያፍር ብዬ ነው» ይሉ ነበር።

ሊቆጡ ይችሉ ነበር፤ ስድስት ደቂቃ ከገደል በላይ መንጠልጠል ለሰማንያ ዓመት ልብ ቀልድ አይደለም። እሳቸው ግን የልጅቱን ፊት አዩ፤ ከንፈሯን አዩ፤ በወንበሩ ጫፍ ላይ ለመሮጥ እንደተዘጋጀች አቀማመጧን አዩ።

«ልጄ» አሉ፣ «ዛሬ ስንት ጊዜ ተነሣሽ?»

ወለላ እንደ ልማዷ እጇን ዘረጋች። «አረንጓዴ ነኝ፣ እማማ። ይቅርታ አድርጉልኝ፣ አስጨነቅኋችሁ።»

«አምባርሽን መች ጠየቅሁት? እሱ ሆድ የለው፣ ምን ያውቃል!» አሉና ሳይጋበዙ ጥግ ላይ ያለችው ዱካ ላይ ተቀመጡ።

የሲስተር ዘምዘም ጥበብ እዚህ ላይ ነው፤ ሊደነቅ የሚገባውን ማድነቅ ደግሞ ግዴታ ነው። በአርባ ዓመት ሥራቸው «ደህና ነሽ ወይ?» ብለው በሽተኛ ጠይቀው አያውቁም። የወሎን ሰው ደህና ነህ ብሎ መጠየቅ እውነቱን እንዳይናገር መለመን ነው ይሉ ነበር፤ ክርስቲያኑ እግዚአብሔር ይመስገን ይላል፣ ሙስሊሙ አልሐምዱሊላህ ይላል፣ ሕመሙ እዚያው እንደተቀመጠ ይቀራል። ስለዚህ የሚጠይቁት በጎን በኩል ነው።

«ቤትሽ የት ነው?»

«ቧንቧ ውሃ።»

«ከቤትሽ እዚህ ድረስ መንገድሽ ላይ ስንት ሽንት ቤት አለ?»

ወለላ ዐይኗን ከገመዱ ላይ ሳታነሣ መለሰች። «ሰባት። የመስጊዱ ሁልጊዜ ክፍት ነው። ቀጥሎ ዳቦ ቤቱ፤ ባለቤቱ ቢነጫነጭም ያስገባል። የትምህርት ቤቱ ከሁለት ሰዓት በኋላ ይዘጋል። ባትሪ መቀየሪያው ጀርባ ያለው ውሃ የለውም፣ ግን በሩ ይቆለፋል። ከዚያ የባንኩ፣ ዘበኛው ጠዋት ጠዋት አይጠይቅም፤ ከዚያ…»

ድንገት አፏን ያዘች።

ሲስተር ዘምዘም ፌስታላቸውን መሬት ላይ አስቀመጡ። «እኔ በዚያ መንገድ ሰባ ዓመት ተመላልሻለሁ» አሉ ቀስ ብለው። «የማውቀው ሁለቱን ብቻ ነው። ጤነኛ ሰው ይህን ሁሉ በቃሉ አይዝም፣ ልጄ።»

ያኔ ወለላ አለቀሰች። እንባዋ ይወርዳል፣ እጇ ግን መሣሪያውን አልለቀቀም፤ ሳጥኖቹም እንደ ወትሮው ይወጣሉ ይወርዳሉ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ የዚህችን ልጅ ግን ባልቴቷ ያለ ብቅል አወጡት።

«ሲመጣብሽ ይታገሥሻል ወይስ ያጣድፍሻል?»

«አይታገሥም። ቆሜ ልብሴን እስካስተካክል እንኳ አይጠብቀኝም።»

«ከጨረስሽ በኋላስ የጨረስሽ ይመስልሻል?»

«አይመስለኝም። ባዶ ሆኜም ያስምጠኛል።»

«ከእንቅልፍሽ ይቀሰቅስሻል?»

«ሦስቴ፣ አራቴ።»

«ያ ረቢ!» አሉ ሲስተር ዘምዘም፣ ተነሥተውም አጠገቧ ቆሙ። «እኔ ጾማችሁን አከብራለሁ። ግን ጾም ሰውን ከእንቅልፉ ቀስቅሶ አያስሮጥም። ቀይ ሥርም አያስምጥም።»

የዐይኗን ሽፋን ወደ ታች ሳብ አድርገው ውስጡን አዩ፤ ነጥቷል። አፏን አስከፍተው ቁስሉን አዩ። ሱሪዋን እስከ ጉልበቷ ሰበሰቡና ቅልጥሟ ላይ ያሉትን ቀያይ እብጠቶች በአንድ ጣት ነኩ፤ ወለላ ዘለለች። ሆዷን በግራ በኩል ጫን አደረጉ፤ ትንፋሿን ዋጠች። በርበሬ፣ ስግደት፣ ወንበር፣ ስንፍና እያለች ለየብቻ ያስቀመጠቻቸውን ሁሉ ባልቴቷ ለቅመው በአንድ ክር ላይ አደረጓቸው። ሩብ ሰዓት አልፈጀባቸውም። ወለላ ከሕመሟ ይልቅ በዚያ ተገረመች፤ አራት ወር ሙሉ የተበታተነ ሰውነቷን አንድ ሰው አንድ ላይ አድርጎ ሲያየው የመጀመሪያው ነበር።

«ምንድን ነው፣ እማማ?»

«ስሙን ሐኪሙ ይንገርሽ። እኔ የምልሽ አንጀትሽ ቆስሏል ነው። የሰውነትሽ ዘብ ጠላት ሲያጣ የገዛ ቤቱን መውጋት ጀምሯል። ትንሽ ከቆየ ይበሳል፤ ከተበሳ ደግሞ እኔም አልደርስልሽ።»

«ግን አረንጓዴ ነኝ እኮ! ማን ያስገባኛል?»

«አብሽሪ። ነገ ጠዋት መስኮቱ ዘንድ እንገናኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።»

ቆጣሪው ሥራ ሲጀምር ሕግ አውጪዎቹ አንዲት ትንሽ አንቀጽ ትተው ነበር፤ የአንደበት ቃል ትባላለች። በእሷ መሠረት ሰው ቆጣሪውን በቃሉ ሊረታ ይችላል። ሦስት ነገር ያስፈልገዋል፤ በሽተኛው ሕመሙን በገዛ አፉ፣ በመስኮቱ ፊት፣ በሚሰማ ድምፅ ይናገራል፤ የተመዘገበ አድማጭ ይደግፈዋል፤ ምልክቱን በዐይኑ ያየ አንድ ሰው ይመሰክራል። ከዚያ በኋላ የሆስፒታሉ ካሜራ ምንም ካላገኘ የአድማጩ ስም ከመዝገብ ይሰረዛል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ማንም አልተጠቀመባትም። የሲስተር ዘምዘም ስም ከተሰረዘ አንቀጿም አብራ ታበቃለች። ይህን ለወለላ አልነገሯትም፤ ሌላ ሸክም ምን ያደርግላታል?

ረቡዕ ጠዋት ወለላ ስትወጣ እናቷ ነጠላዋን አጣፍታ ተከተለቻት። የገመዱ መቆም ወሬ ደርሷት ነበር። «ለሥራሽ ልለምንልሽ ነው፤ ትልቅ ሰው አይንቁም» አለች። ወለላ የምትሄድበትን እውነተኛ ጉዳይ መናገር አቃታትና ወደ ጤና መስኮቱ መንገዷን ቀጠለች።

መስኮቱ ላይ የነበረው አበጋዝ የሚባል ትሑት ወጣት ነው። ሲስተር ዘምዘም ፈቃዳቸውን አውጥተው ሲያሳዩት ግራ ተጋባ። «የአንደበት ቃል? እማማ፣ እኔ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም» አለ፤ ፈለገ፣ ፈለገ፣ በመጨረሻ አገኘው። ከኋላቸው ሠላሳ የሚሆን ሰው ተሰልፏል፤ ከመካከላቸው ሁለቱ የወይዘሮ ኤልዳና የማኅበር ጓደኞች ናቸው።

አበጋዝ አነበበ። «በሽተኛዋ በገዛ ቃሏ፣ በሚሰማ ድምፅ ትናገር።»

ወለላ ወደ ኋላ አየች። እናቷን አየች፤ ነጠላዋን በአፏ ላይ አድርጋ ቆማለች። ሲስተር ዘምዘም የምትለውን ቃል ሊያቀብሏት አይፈቀድላቸውም፤ ደንቡ ነው። እጃቸውን ብቻ ጀርባዋ ላይ አሳረፉ።

«ወለላ ታምሩ እባላለሁ» አለች። መስኮቱ ይጠብቃል፣ ሰልፉ ይጠብቃል። «ከገና ጾም ጀምሮ… ደም ያስቀምጠኛል።»

«ኧረ በሕግ!» አለ አንድ ሰው ከኋላ። አንዲት ሴት ፊቷን አዞረች። ወለላ ግን አንዴ ከጀመረች በኋላ መመለሻ አልነበራትም፤ ደግሞም የሚገርመው፣ ቃሉ ከአፏ በወጣ ቁጥር ድምፅዋ እየጠነከረ ሄደ። ቁርጠቱን ተናገረች፤ ንፍጡን ተናገረች፤ ማጣደፉን፣ ማማጡን፣ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚያስነሣት። የጉልበቷን እብጠትና የአፏን ቁስል ተናገረች። በመጨረሻም ወደ ሁለቱ የማኅበር ሴቶች ዞራ፣ «ያመሰገናችሁኝ በከንቱ ነው። ያከሳኝ ጾሙ አይደለም» አለች። ያንን የመሰለ ድፍረት አበጋዝ በዕድሜው አላየም፤ መጻፉን ረስቶ አፉን ከፍቶ ይመለከታት ነበር።

«አድማጭ?»

«ዘምዘም ይማም። ሰምቻለሁ፤ አምናለሁ።»

«ምስክር? በዐይኑ ያየ?»

ወለላ ራሷን ነቀነቀች። ማን ያያል? በሩን ቆልፋ፣ ውሃውን ደጋግማ ለቅቃ፣ ልብሷን ራሷ አጥባ አራት ወር የደከመችው ማንም እንዳያይ ነው። አበጋዝ አንገቱን ደፋ። «ያለ ምስክር አይዘጋልኝም። ሦስት ደቂቃ ይሰጣል፤ ከዚያ ይሰረዛል፤ ዳግመኛ ለዓመት አይከፈትም» አለ። ሲስተር ዘምዘም ያን ጊዜ ብቻ ከንፈራቸው ደረቀ። ዓመት? ይህች ልጅ ሁለት ሳምንትም የላት።

ደቂቃው ይቆጥራል። ሰልፈኛው ጣራ ጣራ ያያል።

«እኔ አይቻለሁ።»

ወይዘሮ ኤልዳና ነጠላዋን ከአፏ ላይ አውርዳለች። ወደ መስኮቱ ስትራመድ ሰው መንገድ ለቀቀላት። ፊቷ አመድ መስሏል።

«ምን አዩ፣ እናቴ?» አለ አበጋዝ።

«አንሶላዋን» አለች። «ሦስት ጊዜ። በብርድ ልብስ ሸፍናው ሥራ ትሄዳለች፣ ማታ ላጥበው ብላ ይመስለኛል። እኔ አወጣዋለሁ፣ በቀዝቃዛ ውሃ አጥበዋለሁ፣ ሌላ አነጥፍላታለሁ። እኔ ማወቄን እሷ አታውቅም። እንደ ወትሮዬ ደሙን ሳላየው ሰብስቤ የቀየርኩት ይመስላታል።» ትንፋሽ ወሰደች። «አምባሯን አያለሁ፣ አረንጓዴ ነው። እሰይ እላለሁ። ከዚያ ወጥቼ ልጄ ጿሚ ናት እያልኩ በሰው ፊት እኮራለሁ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! እናት ሆኜ ደምና ቀይ ሥር የማልለይ ይመስላችኋል?»

አበጋዝ ፊርማውን አስቀመጠ። የወለላ አምባር ብልጭ ድርግም አለ፤ ከዚያ ቀላ። ወለላ እናቷ ላይ ተጠመጠመች። «እማዬ፣ አውቀሽ ነበር?» ስትላት እናቷ «ዝም በይ፣ አሁን እንሂድ፣ እንሂድ» ብላ ወደ በሩ ጎተተቻት።

ከሰዓት በኋላ የሆስፒታሉ ካሜራ አንጀቷ ውስጥ ገባ። ሐኪሙ ዶክተር ጎበዜ የሚባል ልጅ እግር ሰው ነው። ሲወጣ ፊቱ ተለዋውጦ ነበር። አንጀቷ ከመጨረሻው ጀምሮ እስከ ግራ እጥፋቱ ድረስ በሙሉ ቆስሏል። የአንጀት ብግነት ይባላል አለ፤ ለዘለቄታው ሥሩ አይነቀልም፣ በመድኃኒት ግን ይተኛል፣ ሲተኛም ወደ ወንበሯ ትመለሳለች። «ፋሲካ ሳይደርስ ይበሳ ነበር» አለ። ከዚያ ወደ ሲስተር ዘምዘም ዞሮ፣ ካሜራ ሳይኖራቸው በምን እንዳወቁ ጠየቃቸው። ስለ መንገዱና ስለ ሰባቱ ሽንት ቤቶች ነገሩት። ዶክተሩ ሳቀ፤ መሳቁን ተወ፤ እስክሪብቶ ተውሶ ጥያቄያቸውን በሙሉ በእጁ ጻፈ። በዚያው ሳምንት ስድስት ጿሚዎች መስኮቱ ላይ ቆመው የአንደበት ቃል ጠየቁ፤ ባልቴቷ ጎመን ገበያ መውጣት እንኳ አልቻሉም።

ዶክተሩ ለወለላ እንቁላልና ለስለስ ያለ ሩዝ አዘዘ። የሆስፒታሉ ወጥ ቤት ግን ትእዛዝ የሚቀበለው ከመዝገቡ ነው፤ መዝገቡ ደግሞ ወለላ ታምሩ ጿሚ ናት ይላል። ሰኞ ምስር በቀይ ሥር መጣላት። ማክሰኞም ምስር በቀይ ሥር። ሐኪሙ ማመልከቻ ጻፈ፤ መልሱ ከበዓል በኋላ ይመጣል ተባለ። ይህን የሰማችው ወይዘሮ ኤልዳና ከረቡዕ ጀምሮ በየቀኑ ምሳ ዕቃ ይዛ መጣች።

በስቅለት ዕለት ወለላ እናቷን አልጠበቀቻትም። እናቷ ከሐሙስ ማታ ጀምራ የምታከፍል ሴት ናት፤ ውሃ እንኳ አትቀምስም፣ ስቅለትን ቤተ ክርስቲያን ስትሰግድ ነው የምትውለው። በስድስት ሰዓት ግን ከስግደቱ መሃል ወጥታ መጣች። ዎርዱ ውስጥ ስምንት አልጋ አለ፤ በየአልጋው ዙሪያ ነጭ የለበሰ ጠያቂ ተቀምጧል። ሕማማት ነውና ሰላም የሚባባል የለም። ምሳ ዕቃው ሲከፈት የእንቁላሉ ሽታ ክፍሉን ሞላው። ሰው ሁሉ ዞረ፤ በስቅለት ቀን እንቁላል!

ወይዘሮ ኤልዳና ፊቷን አላዞረችም። የአልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ አንዱን መላጥ ጀመረች። ጨው ነስንሳ በእጇ አጎረሰቻት።

«ዛሬስ ስንት ጊዜ?» አለች፣ ድምፅዋን ሳትቀንስ።

ወለላ ደነገጠች። የአጠገቡ አልጋ ጠያቂዎች ጆሯቸውን አቁመዋል። «እማዬ…»

«ስንት ጊዜ ነው የምልሽ?»

«አምስት።»

«ደምስ አለው?»

«ትንሽ።»

«ትናንት ሰባት ነበር፤ ደሙም ብዙ ነበር» አለች እናቷ፣ ጠያቂዎቹም እንዲሰሙ አድርጋ፤ ሁለተኛውንም እንቁላል ከአልጋው ብረት ጋር ቀስ አድርጋ ሰነጠቀችው።